«ብዕርዎ አይንጠፍ» ካልን በኋላስ?

የዛሬዋ ጠያቂያችን እንዲህ ትላለች፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ማታ ማታ ግጥም እጽፋለሁ። በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ካፌ ውስጥ የምንገናኝ ሰባት ሰዎች አለን። ተራ በተራ እናነባለን። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ‹ፓ!› ይላል፣ ‹እሳት ነው› ይላል፣ ‹ብዕርህ አይንጠፍ› ይላል። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን የኔ ተራ ሲደርስ ምን እንደምባል ቀድሜ አውቀዋለሁ። ግጥሜ ጥሩ ይሁን መጥፎ መለየት አቅቶኛል።

በዕድሜ ትልቃችን ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስለ ሟች ባለቤታቸው የጻፉትን ሲያነቡ ሁላችንም አለቀስን። እኔም ‹በጣም ቆንጆ ነው› አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ግን የመጨረሻዎቹ አራት ስንኞች ግጥሙን ገደሉብኝ። ሌሎቹም ግጥሞቻቸው እንደዚሁ ናቸው፤ አጀማመራቸው ያምራል፣ አጨራረሳቸው ይበላሻል። አሁን በራሳቸው ገንዘብ መጽሐፍ ሊያሳትሙ ነው። ለጀርባ ሽፋኑ አስተያየት እንድጽፍላቸው ጠይቀውኛል። እምቢ ማለት አፈርኩ፣ የውሸት ሙገሳ መጻፍም ከበደኝ። በነገራችን ላይ ባለፈው አንዲት አዲስ ልጅ መጥታ አንብባ ነበር፤ ማንም ብዙም አላላትም፣ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ምን ይሻለኛል? እውነቱን ልናገር ወይስ እንደ ሰው ‹ብዕርዎ አይንጠፍ› ብዬ ልለፈው?

ዝምታዬ የከበደኝ፣ ከሐዋሳ»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ለሁለት ከፍለሽዋል፤ ወይ እውነት ወይ ሙገሳ። እንዲህ ከተከፈለ መልስ የለውም። እውነቱን ብትመርጪ ሚስታቸው የሞቱባቸውን ሰው ልታስከፊ ነው። ሙገሳውን ብትመርጪ ውሸታም ልትሆኚ ነው። በይሉኝታ ያደገ ሰው ከሁለቱ የቱን እንደሚመርጥ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ግን እኮ አልቅሰሻል። ያ እንባ ውሸት አልነበረም። ከመጨረሻዎቹ አራት ስንኞች በፊት የሆነ ነገር ይዞሻል ማለት ነው። እና «በጣም ቆንጆ ነው» ስትያቸው የደበቅሽባቸው ድክመቱን ብቻ አይደለም፤ ጥሩውንም ነው። እንባሽ የትኛው ስንኝ ላይ እንደመጣ አልነገርሻቸውም። እሳቸውም እስከ ዛሬ አያውቁትም። ምናልባት ያስለቀሳችሁ መጨረሻው መስሏቸው ይሆናል! እንዲያ ከሆነ የሚቀጥለውንም ግጥም በዚያው መንገድ ይጨርሱታል። «አጨራረሳቸው ይበላሻል» ላልሽው ነገር እናንተም እጃችሁ ሳይኖርበት አይቀርም።

እኔ «ግጥማችንን ሙገሳ ገደለው» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ገጣሚ በዚህ አገር ከሙገሳ ሌላ ምን ያገኛል? ማሳተሚያውን የሚከፍለው ራሱ ነው። መጽሐፉን ተሸክሞ ለወዳጅ ዘመድ የሚሸጠው ራሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ማኪያቶ ይዞ ስድስት ሰው ፊት ሲያነብ «ፓ!» ቢባል ማንን ይጎዳል? የናንተ ሙገሳ ችግሩ መብዛቱ አይደለም። ለማንም ይሆናል። ስለ እናት ለተጻፈውም፣ ስለ ክረምቱም፣ ስለ ታክሲ ሰልፉም እዚያው «እሳት ነው» ነው። ለሁሉም የሚሆን ሙገሳ ደግሞ ግጥሙን ያልሰማ ሰውም ሊናገረው ይችላል። አንቺ ግጥምሽ ጥሩ ይሁን መጥፎ መለየት ያቃተሽም ለዚህ ነው፤ ስድስት ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ አንድም ሰው ምን እንደሰማ አልነገረሽም።

የጋሼን ግጥም ስላልላክሽልኝ በምሳሌ ላስረዳ። ለዚህ ዓምድ ብዬ እኔው ሁለት ስንኝ ልግጠም፤ ታገሺኝ፦

ነጠላዋ ዛሬም ሚስማሩ ላይ አለ፤
ላጥፈው እጄን ስሰድ ትመጣለች አለ።

ይህን ካፌያችሁ ውስጥ አንድ ሰው አነበበው እንበል። «ፓ!» ማለት ይቻላል። «አንጀቴን በላኸው» ማለትም ይቻላል። ግን እንዲህም ማለት ይቻላል፦ «ሁለቱም ስንኞች የሚያልቁት ‹አለ› ብለው ነው፤ የመጀመሪያው ጠብቆ፣ ሁለተኛው ላልቶ ይነበባል። ነጠላው እዚያ ስላለ ብቻ የተናገረ መሰለኝ።» ሌላው ደግሞ ይቀጥላል፦ «ትመጣለች ያለው ማነው? ነጠላው ነው፣ ሚስማሩ ነው ወይስ የገዛ እጁ? እኔ እጁ ነው ብዬ ነው የሰማሁት።» አንዱ በአጭሩ፦ «ሐዘን የሚል ቃል አልገባበትም፣ ወድጄዋለሁ።» አራተኛው ደግሞ ቅር ብሎት፦ «እኔ ፊደሉ አንድ ዓይነት መሆኑ አልጣመኝም፤ ቤት የመታ ሳይሆን ቃሉን የደገመ መሰለኝ።»

ከአራቱ ሦስቱ ሙገሳ ናቸው። አራተኛውም ቢሆን ስድብ አይደለም። ገጣሚው ከእነዚህ ከየትኛውም ይዞት የሚሄደው ነገር አለው። ምን እንደሠራ ያውቃል፤ ያወቀውን ደግሞ ነገ ሊሠራበት ይችላል። ምናልባት አንዱ ስለ እጁ ያለውን እሱ ራሱ አላሰበውም። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ አድማጭ ከገጣሚው በላይ የሚሰማበት ቦታ አለ። ይህን ሳይነገረው መቅረቱ ለገጣሚው ኪሳራ ነው።

አሁን እዚያው ላይ ሁለት ስንኝ ልጨምር፦

ልቤ በጣም አዝኖ እንባዬ ፈሰሰ፤
ሐዘኔ በረታ ቤቴም ፈራረሰ።

ምጣኔው ደህና ነው። ስንኙ መሐሉ ላይ ተከፍሎ በየግማሹ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለትም ክፍለ ቃል፣ አለው፤ የወል ቤት የምንለው። ቤትም ይመታል። ግን ምን ጨመረ? ነጠላው የነገረንን ነገር በደከመ ቃል ደገመው። ሰውየው ነጠላውን ማጠፍ ያቃተው ጊዜ እኮ ማዘኑን አውቀናል። የጋሼ አራት ስንኞችም እንዲህ ያለ ነገር ይመስሉኛል፤ ገምቼ ነው እንጂ አላየኋቸውም። መምህር ነበሩ ብለሻል። መምህር ደግሞ ትምህርቱን ሳያጠቃልል ከክፍል አይወጣም!

ደግሞ አማርኛ በዚህ በኩል ፈታኝ ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቤት ለመምታት ብዙ መልፋት አያስፈልግም። ፈሰሰ፣ ደረሰ፣ ፈረሰ፣ ታመሰ፤ ጎትቶ ማምጣት ነው። ስለዚህ ገጣሚ ሲደክመው ቤት መምቻው ራሱ ይመራዋል። ነገሩ አልቆ ሳለ ግሦቹ ይቀጥላሉ። ወዳጅሽን ስታደንቂ «ቤቱ ይመታል» ብሎ ማድነቅ ለዚህ ነው ብዙ የማይረባው። ያልጠበቅሽው ቃል ቤት ሲመታ ግን፣ ማለትም ስንኙ ሲያልቅ «ወዴት ወሰደኝ?» ያሰኘሽ ጊዜ፣ እሱን ንገሪው።

ማድነቅና ማረም ባህላችን ውስጥ አብረው የኖሩ ናቸው። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ዋድላም ሆነ ሌላ ቅኔ ቤት፣ ተማሪው ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል፤ ከዚያ ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል። ቃሉ ካልሰመረ ያነሣዋል፣ ምሥጢሩ ካልተገናኘ ይመልሰዋል። ተማሪው ይህን እንደ ውርደት አይቆጥረውም፤ የሄደበት ጉዳይ ነው። በሌላ ቀን ደግሞ ቅኔው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይቀርባል። ያኔ ሊቃውንቱ ደስ ሲላቸው «ይበል! ይበል!» ይላሉ። ይህ «ይበል» የሚጥመው ሰምና ወርቁን ለይቶ ከሰማ ሰው አፍ ስለሚወጣ ነው። ያላወቀው ሰው ቢለው ያው ጩኸት ነው።

እናንተ ካፌ ውስጥ ያለው «ይበል» ብቻ ነው። ቅኔ ቤቱ የለም። መምህር ይኑራችሁ እያልኩ አይደለም፤ ሰባት እኩያ ገጣሚዎች መሐል አንዱ መምህር ልሁን ያለ ቀን ጉባኤው ይፈርሳል። ግን ግጥሙ ሳያልቅ የሚታይበት ቦታ ያስፈልጋል። አሁን ሁላችሁም ያለቀ ግጥም ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ ያለቀ ግጥም ላይ ደግሞ ከማጨብጨብ ሌላ ምን ይደረጋል? እስኪ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያልጨረሳችሁትን፣ ያስቸገራችሁን ነገር ይዛችሁ ኑ በያቸው። «ሦስተኛው ስንኝ እምቢ ብሎኛል» ብሎ የሚጀምር ሰው ፊት «እሳት ነው» ማለት ያስቸግራል።

ሌላው ወረቀት ነው። የምትነባበቡት በጆሮ ብቻ ይመስለኛል። ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው ደካማ ስንኝ ይሸፍናል። ከኋላ ዋሽንት ወይም ጃዝ ካለ ደግሞ ጨርሶ አይታወቅም። አዲስ አበባ ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ታጅቦ ሲቀርብ ታዳሚው ወንበር አጥቶ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ደስ ይል ነበር፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን እዚያ ተጨብጭቦለት መጽሐፍ ላይ ሲነበብ የሚሟሽሽ ግጥም ሞልቷል። የተገላቢጦሹም አለ፤ አነባበብ የማይችል ሰው ጥሩ ግጥም ይዞ ይመጣል፣ አንገቱን ደፍቶ በጥድፊያ አንብቦት ይቀመጣል፣ ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ኮፒ አድርጋችሁ አምጡ። ከዚያ ግጥሙን ከገጣሚው ሌላ ሰው ያንብበው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢው የት እንደሚሳሳት ትሰማላችሁ። ያ ስህተት ራሱ አስተያየት ነው። ገጣሚው የራሱን ስንኝ ከሌላ አፍ ሲሰማ አንዳንዴ ማንም ምንም ሳይለው እስክሪብቶውን ያነሣል።

አንድ ነገር ደግሞ መለየት አለብን። ሰው ሲያጨበጭብ ለግጥሙ ነው ወይስ ለጉዳዩ? በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ (የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) ተማሪዎች በየዓመቱ በኮሌጅ ቀን በዓል ግጥም ያነቡ ነበር። ስለ ድሃው፣ ስለ ጭሰኛው፣ በዚያ ዘመን በግልጽ የማይነገረውን ነገር ተናገሩ። የተጨበጨበው ለድፍረቱም ጭምር ነበር፤ ተገቢም ነው። ግን ድፍረቱ የሚገባውን ጭብጨባ አግኝቶም ስንኙ ለብቻው ይመዘናል። የጋሼም ነገር እንዲሁ ነው። ያለቀሳችሁት ለግጥሙ ነው ወይስ አንድ ትልቅ ሰው ስለ ሚስታቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ስለተቆራረጠ? ምናልባት ለሁለቱም። አንቺ ግን «አራቱ ስንኞች ገደሉብኝ» ካልሽ ለይተሽ ሰምተሻል፤ ጥሩ ጆሮ አለሽ ማለት ነው።

አሁን ደብዳቤሽ ውስጥ «በነገራችን ላይ» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ላይ ልምጣ። እኔን ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። አዲስ ልጅ መጣች፣ አነበበች፣ ማንም ብዙም አላላትም፣ ጠፋች። ለማንም የማይነፈገው «ፓ!» እሷ ጋ ሲደርስ ለምን ጠፋ? ሦስት ምክንያት ይታየኛል። ግጥሟ ደካማ ነበር፤ ይህን አላምንም፣ ለደካማ ግጥም እናንተ ጋ «እሳት ነው» አለ። ወይም አዲስ ስለሆነች ነው፤ ሙገሳው እከክልኝ ልከክልህ ሆኖ ከኖረ ገና ያላከከችን ሰው የሚያክ የለም። ወይም ደግሞ ጥሩ ነበረች። በጣም ጥሩ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ያን አወቀና አፉ ተያዘ።

የትኛው እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔ ግን ሦስተኛውን ጠርጥሬአለሁ። አንዴ መጥታ ደካማ ግጥም ያነበበችን እንግዳ ሰው ደብዳቤ ላይ አያነሣም። ቅናት ገጣሚ ቤት እንግዳ አይደለም፤ ሌላ ሰው ጥሩ ስንኝ ሲያወጣ «ምነው የኔ በሆነ» ማለት የሙያው አንድ ክፍል ነው። እንደውም ግጥም መለየት መቻልሽን ከሚያሳዩት ምልክቶች ዋናው ይህ ነው፤ ሰው በማይረባ ስንኝ አይቀናም። የሚያሳፍረው መቅናቱ አይደለም፣ ቀንቶ ዝም ማለቱ ነው። ለደካማው ውሸት ተናግራችሁ ለጎበዟ እውነቱን ነፍጋችኋል። ከጀርባ ሽፋኑም፣ ከጋሼም በፊት ይህ ይቅደም። ያቺን ልጅ ፈልጊያት። ስልኳ ከሌለሽ ማን ይዟት እንደመጣ ጠይቂ። ስታገኚያት «በርቺ» አትበያት፤ በርቺ የሚባለው ላልበረታ ነው። ካነበበችው ውስጥ እስካሁን ያልረሳሽውን ስንኝ በቃልሽ በይላት። ትንሽ ብታዛቢውም ግድ የለም፤ ራሷ ታርምሻለች፣ ወሬውም በዚያው ይጀመራል። ከዚያ አንቺም የራስሽን አንድ ግጥም ስጫትና «የት ጋ ደበረሽ?» በያት። ወጣት ልጅ እንዲህ ተብላ ተጠይቃ የምትዋሽ አይመስለኝም።

ስለ ራስሽ ግጥሞች የጠየቅሽውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አንድ ሰው «እሳት ነው» ሲልሽ አንገትሽን ደፍተሽ «ኧረ ምንም አይደል» አትበይ። «የቱ ጋ?» በይው። ይኸው ነው። አንዳንዱ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ ይቀባጥራል፣ አንዱ ግን ስንኙን ይጠራልሻል። ደግሞ ከገጣሚዎቹ ውጭ ያለ ሰው ያስፈልግሻል። መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ግጥም የማይጽፍ፣ ግን ጨዋታ የሚወድ ሰው አይጠፋም። አንብቢለትና ምንም አትጠይቂው። ሳምንታት ቆይተሽ «ከዚያ ግጥም ምን ትዝ ይልሃል?» በይው። የቀረው ነገር ካለ እሱ ግጥምሽ ነው። ምንም ካልቀረው ደግሞ ሰውየው ላይ አትፍረጂ።

ወደ ጋሼ እንመለስ። መጀመሪያ ረቂቁ የት እንደደረሰ አጣሪ። ማተሚያ ቤት ገብቶ ከሆነ፣ ሊታተም ቀን ከቀረው፣ አራቱን ስንኞች እርሺያቸው። ሊስተካከል በማይችል ነገር ላይ እውነት መናገር ለተናጋሪው ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም። ገና እጃቸው ላይ ከሆነ ግን ዝም ማለት አትችይም። ከጡረታቸው ቆርጠው ነው የሚያሳትሙት። መጽሐፉ በእሳቸው ስም ይቀራል፤ ያልተሸጠውም ካርቶን ውስጥ ሆኖ አልጋ ሥር ይቀራል። ከመታተሙ በፊት ቁጭ ብሎ የሚያነብላቸው ሰው ከጀርባ ሽፋን አስተያየት ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

ካፌው ውስጥ ሰው ፊት አታድርጊው። የሌላ ጊዜ ግጥም ቢሆን ምናልባት። ይህኛው ግን የሞተች ሚስት ናት። ቤታቸው ሂጂ፣ ወይም ለብቻ ቡና ጋብዣቸው። ረቂቁን ቀድመሽ አንብቢው። የወደድሻቸው ስንኞች አጠገብ በእርሳስ ምልክት አድርጊ፤ በእርሳስ ያልኩት ሊጠፋ ስለሚችል ነው፣ በቀይ እስክሪብቶ ከሆነ መምህር ራሳቸው ናቸው የሚደነግጡት። ከዚያ እንዲህ ልትያቸው ትችያለሽ፦ «ጋሼ፣ ያን ቀን ሲያነቡ እዚህ ጋ ነው እንባዬ የመጣው።» ስንኙን አሳያቸው። ዝም በይ፤ እሳቸው ይናገሩ። ስለ ባለቤታቸው ሊያወሩሽ ይችላሉ፣ ያውሩሽ። ቸኩለሽ «ግን» የምትይ ከሆነ የመጀመሪያው ነገር ሁሉ መንደርደሪያ ይመስላል፤ እሳቸውም የልጅ ዘዴ ያውቃሉ፣ ስንት ዓመት አስተምረዋል።

ቀጥለሽ ጠይቂያቸው፦ «እዚህ ላይ ቢያቆሙትስ ብዬ አሰብኩ። እኔ እዚህ ስደርስ ሁሉም ገብቶኝ ነበር። እነዚህ አራቱ ሲመጡ ያስረዱኝ መሰለኝና ከነበርኩበት ወጣሁ። እርስዎ ምን አስበው ነው የጨመሯቸው?» የመጨረሻው ጥያቄ ለይስሙላ አይሁን። ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ ስንኝ ውስጥ እሷ ትናገረው የነበረ ቃል ሊኖር ይችላል፤ አንቺ ተራ ቃል ያልሽው ለእሳቸው የቤታቸው ጨዋታ ነው። እንዲያ ከሆነ ነገሩ ይቀየራል። ያኔ የሚያስፈልገው ስንኙን ማውጣት አይደለም፤ ያ ቃል የእሷ መሆኑ እንዲታወቅ ማድረግ ነው።

ሰምተው «አይ፣ እንዳለ ይሁን» ካሉ እንዳለ ይሁን። ግጥሙ የእሳቸው ነው። አንቺ የሰማሽውን ተናግረሻል፣ ከዚያ በኋላ ማኩረፍም መልሶ መላልሶ መጨቅጨቅም የለም። ሌሎቹን ግጥሞች በተመለከተም ሁሉንም አንድ ቀን አትዘርግፊባቸው። አንዱን ካዩት የቀሩትን ራሳቸው ያዩታል። ካላዩት ደግሞ ሃያውን ብትነግሪያቸውም አያዩትም።

የጀርባ ሽፋኑን እሺ በያቸው። የወደድሻቸው ስንኞች እንዳሉ ደብዳቤሽ ላይ ይታያል፤ አንድም ስንኝ ባይኖርሽ ኖሮ «ጋሼ፣ እኔ ለዚህ ገና ነኝ፣ ለሌላ ሰው ይስጡት» በይ እልሽ ነበር። ስለወደድሻቸው ብቻ ጻፊ። አስተያየት ማለት የመጽሐፉ የሒሳብ ምርመራ አይደለም፣ ይህን አንቺ ከኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ። የደከመውን ሳትጠቅሺ መቅረትሽ ውሸት አያሰኝሽም። ውሸት የሚሆነው «የዘመናችን ታላቅ ገጣሚ»፣ «በሳል ብዕር»፣ «ይህን መጽሐፍ ያላነበበ ብዙ ቀርቶበታል» ብለሽ ከጻፍሽ ነው። እነዚህ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) አዳራሽ በየመጽሐፍ ምረቃው ሲባሉ ሰምተናቸዋል፤ የትኛው መጽሐፍ ላይ እንደተባሉ ግን ማንም አያስታውስም።

ከአራት መስመር አትለፊ። አንዱ መስመር የራሳቸው ስንኝ ይሁን፤ በትምህርተ ጥቅስ አስገቢውና ካነበብሽው ጀምሮ ምን እንዳደረገሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ስምሽን እንጂ ማዕረግ አትጨምሪ። ለማተሚያ ቤት ከመላክሽ በፊት ለጋሼ አንብቢላቸው፤ የመረጥሽው ስንኝ ላይ ፊደል ተሳስተሽ እንደሆነ እሳቸው ያዩልሻል።